የተቀረቀረው ሲዲ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ሳምንት የጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ባጭሩ፣ አልበም አብቅቶለታል፣ ሰው የሚወዳቸውን ዘፈኖች ሰብስቦ ሻፍል ላይ አድርጎ (ስልኩ ቅደም ተከተላቸውን አደባልቆ እንዲያጫውት ማለት ነው) ይስማ፣ ይህ የአድማጭ ነፃነት ነው ይላል። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል። አልተናደድኩም። እንዲያውም በግማሹ እስማማለሁ። ሌላው ግማሽ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመና ብዕር አነሳሁ። ብዕር ስል ስልክ ማለቴ ነው፣ የፊደል ስህተት ካለ አርሙልኝ።

በቅድሚያ የራሴን ጉድ ልናገር። እኔም ሻፍል አደርጋለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ሰልፍ ላይ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ውስጥ ያለውን ሁሉ አደባልቄ ነው የምለቀው። ከጥላሁን ገሠሠ ወደ ሮፍናን፣ ከሮፍናን ወደ ኩኩ ሰብስቤ ሲዘል ይመቸኛል። ሠርግ ላይ ደግሞ አንድ አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያጫውት ዲጄ ቢመጣ መጀመሪያ የማባርረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሻፍል ይከልከል የሚል ነጭናጫ ሽማግሌ አታድርጉኝ። የምለው ሌላ ነው።

እሱን ከማለቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላውራችሁ።

በ2010 ዓ.ም. ገና ሊደርስ ሰሞን ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ደሴ ሄድኩ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። ቪትዝ የነዳ ያውቃል፣ ከጃፓን እንደመጣ የተቀመጠ ሬዲዮ ከ90 በላይ አይዝም፣ የአዲስ አበባ ኤፍኤሞች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። የፍላሽ መሰኪያም የለውም። ያለው ሲዲ ማጫወቻ ብቻ ነው። እሱም ውስጥ የድምፃዊ እዮብ መኮንን «እንደ ቃል» አልበም ገብቶ ተቀርቅሯል። ቁልፉን ብትጫኑት ያቃስታል እንጂ አይተፋም። አንድ መካኒክ ልፍታው ቢለኝም ሌላ ነገር እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ ተውኩት። ማጥፋት ትችላላችሁ፣ መክፈት ትችላላችሁ፣ መቀየር ግን የለም።

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ልጄ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነው። ገና ሰንዳፋን ሳናልፍ «አባዬ፣ ሌላ የለም?» አለኝ። የለም። ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተን ስንመለስ ካቆመበት ቀጠለ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሁለተኛው ዙር አልቆ ሦስተኛው ሊጀምር ነበር፣ ባለቤቴም መማረር የጀመረችው እዚያ ጋ ነው። ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ልጁ ዝም አለ። ዝምታው ግን የኩርፊያ አልነበረም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ በዚያች በሁለት ሰከንዷ ጸጥታ ውስጥ፣ የሚመጣውን ዘፈን መግቢያ በአፉ ጀመረው። ሲዲው ተከተለው። ልጁም ሲዲውም አልተሳሳቱም። ከሚሴ ስንደርስ ደግሞ ግጥሙን ትቶ ቤዝ ጊታሩን ነበር የሚከተለው፣ «ዱም፣ ዱም ዱም» እያለ የፊት ወንበሩን ጀርባ ይደበድባል። የኔን ወንበር መሆኑ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ባለቤቴ «እስቲ ትንሽ ጨምረው» አለች።

ልብ በሉ፣ እዮብን የማናውቀው ሰዎች አይደለንም። ሁለት ሦስት ዘፈኖቹን ማን የማያውቅ አለ? በ2005 ዓ.ም. ክረምት በድንገት ሲለየን በየታክሲው በየካፌው የተደጋገሙት እነዚያው ነበሩ። በዚያ መንገድ ላይ የያዙን ግን እነሱ አልነበሩም። መሃል ላይ ያሉት ናቸው የያዙን። በመጀመሪያው ዙር «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት» ብለን ያለፍናት፣ በሁለተኛው ዙር እያወራን ያላለቀችልን፣ በአራተኛው ዙር ወሬያችንን ያቋረጠችን አንዲት ዘፈን አለች። እንዲህ ዓይነቷን ዘፈን ማንም «ምርጥ ምርጥ» ብሎ አይሰበስባትም። አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚመርጣት ሰው የለም። አራት ጊዜ ደግሞ ተገዶ ካልሆነ ማን ይሰማታል?

ከጸሐፊያችሁ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ነፃነት የሚለው መምረጥን ነው። እሺ። ግን የመረጥነውን ብቻ አደባልቀን ስንሰማ የምንሰማው ድምፃዊውን ነው። ዘፈን በተቀየረ ቁጥር ጆሮ መጀመሪያ የሚፈልገው የሰው ድምፅ ነው። ማናት? አዎ፣ አስቴር ናት። እሷን ለይተን ሳንጨርስ ዘፈኑ ያልቅና ሌላ ሰው ይመጣል። ማነው? ኤፍሬም። ስለ ቤዙ፣ ስለ ሳክስፎኑ፣ ስለ ድራሙ ለማሰብ ፋታ የለም። አስር ዘፈን አከታትለው የሚጫወቱት ያው ሰዎች ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። አራተኛው ዘፈን አካባቢ ድምፃዊውን እንለምደዋለን። ያኔ ከኋላው ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ይሄ ቤዝ ቅድምም እንዲህ አድርጎ ነበር እኮ፣ ይሄ ሳክስ ሁልጊዜ ስንኙ ሊያልቅ ሲል ነው የሚገባው እንላለን። የ10 ዓመት ልጅ ያለ አስተማሪ ቤዝ መከተል የጀመረው ከሚሴ ላይ እንጂ ሰንዳፋ ላይ አልነበረም።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ሁኔታ ከሌላው ይለያል። ፈረንጅ የሚወደውን ባንድ ዘፈኖች ሁሉ በአንድ ስም አግኝቶ ሻፍል ሊያደርግ ይችላል። እስቲ እናንተ ሮሃ ባንድን ሻፍል አድርጉ። አሁኑኑ ስልካችሁን አውጡና ፈልጉ፣ ከሠሩት ሥራ ጋር የሚመጣጠን ነገር አታገኙም። ያልሠሩ ሆነው አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ የተጫወቱት በሌላ ሰው ስም ስለተቀመጠ ነው። ማሕሙድ ላይ አሉ፣ ነዋይ ላይ አሉ፣ አስቴር ላይ አሉ፣ ኤፍሬም ላይ አሉ። በእኛ አገር ካሴት የሚወጣው በድምፃዊው ስም፣ በድምፃዊው ፎቶ ነው። ባንዱ ሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቃ ፊደል «በሮሃ ባንድ ታጅቦ» ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ የሰላም ስዩምን ጊታር፣ የዳዊት ይፍሩን ኪቦርድ፣ የፈቃዱ አምደመስቀልን ሳክስፎን የምናውቅ ሰዎች ያወቅናቸው ያንን ደቃቃ ፊደል አንብበን፣ ካሴቱን ደግሞ ዳር እስከ ዳር ሰምተን ነው። ከሮሃ በፊት በነበረው አይቤክስ ባንድም ያው ነው። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ያጀቡት አይቤክሶች ናቸው። ዛሬ ስልኬ ላይ ያለችው ፋይል ግን «ትራክ 03» ትላለች። ማሕሙድ እንኳ አልተጻፈባትም።

ዋልያስ ባንድን ደግሞ ተመልከቱ። እነሱ እንኳ በራሳቸው ስም አልበም ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው»። ዘፋኝ የለበትም፣ ሙሉው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው፣ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። ከዚያ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው «ሙዚቃዊ ስልት»ን ነው። ውጭ አገር ያሉ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል፣ እሰየው። ግን ሒልተን ውስጥ ለዓመታት ሲጫወት የኖረ ባንድ በአንድ ዘፈን ብቻ ሲታወቅ ደስ አይልም፣ የቀረውም አብሮት በቅደም ተከተል ተቀምጧል እኮ። የዚሁ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ የሠራት ካሴት አለች። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኛትና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተማት። ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ነበር የሚነዳው። ሰውየው የወደዳትን አንድ ዘፈን ብቻ መርጦ ቢያወጣት ኖሮ እኛም ሆንን ፈረንጆቹ ኃይሉን ዛሬ በምናውቀው ልክ እናውቀው ነበር? እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ የኔ ዘመን ሰዎችን ትንሽ ልቆንጥጥ። አልበም የአባቶቻችን ወግ ነው፣ ሻፍል የዘመን ብልሽት ነው የምትሉ ወዳጆቼ አትቅጠፉ። ወርቃማው ዘመን እያልን የምንምልበት ጊዜ የነጠላ ዜማ ዘመን ነው። ሸክላ! አንድ ዘፈን በፊት፣ አንድ ዘፈን በጀርባ፣ አለቀ። ሸክላ አሳታሚው አምሐ እሸቴ፣ መንግሥት ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶት የነበረውን ሸክላ የማሳተም መብት ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር ያወጣው በብዛት ትንንሿን ሸክላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አሳትሟል። 103 ለ12! እንግዲህ አባቶቻችንም ሸክላ እየቀያየሩ ሻፍል ያደርጉ ነበር ማለት ነው፣ ልዩነቱ ከወንበር መነሳት ነበረባቸው።

አልበምን አልበም ያደረገልን ካሴት ነው። ምክንያቱም በጣም ተራ ነው፣ ካሴት 60 ደቂቃ ይይዛል፣ መሞላት አለበት። ስለዚህ አስር አስራ ሁለት ዘፈን ይሰበሰባል። አንድ ትዝታ አይጠፋም፣ አንድ ጉራግኛ፣ አንድ እስክስታ፣ ለሠርግ የምትሆን አንዲት፣ ቀሪው የፍቅር። ከእነዚህ ውስጥ ማሟያ አልነበረም ብዬ አልዋሽም። ነበር፣ በደንብ ነበር። አንዳንዱ ሳይድ ቢ (የካሴቱ ሁለተኛ ፊት) ላይ ያለ ዘፈን ዜማው ከሳይድ ኤ ተቀድቶ ግጥሙ ብቻ የተቀየረ ነው የሚመስለው። ጸሐፊያችሁ ይህንን ቢያነሳ ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ግን ማሟያውንም እንሰማው ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እትዬ፣ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው፣ ናሽናል ቴፕ ነበራት። መብራት ሲጠፋ በድንጋይ ይሠራል፣ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነው። ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠን ድንጋይ ይጨርሳል ተብሎ ቁልፉን መንካት በአዋጅ ተከልክሎ ነበር፣ አዋጁን ያወጣችው እሷ ናት። የምንወደውን ዘፈን ለመድገም ካሴቱን አውጥተን ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ሰክተን በእጅ እናሽከረክራለን። የት እንደቆመ አይታወቅም። ትንሽ አዙረን እናስገባለን፣ ገና ነው፣ እናወጣለን፣ እናዞራለን፣ አልፎታል። በመጨረሻ ሲሰለቸን «ተዉት በቃ ይዝፈን» እንባባላለን። ስንፍናችን ነው ሙሉ ካሴት ያሰማን። አሁን አንድ ጣት ሳናነሳ መዝለል ስለምንችል ስንፍናችን በሌላ በኩል ይሠራል።

አንድ ቀን ቴፑ የነዋይ ደበበን ካሴት ክር በላው። ሳይድ ቢ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ። እትዬ ምራቋን እየዋጠች ከሮለሩ ላይ ፈታችው፣ እንደ አኮርዲዮን የተጨማደደውን ትንሽ ቁራጭ በመላጫ ቆረጠች፣ ሁለቱን ጫፎች በጥፍር ቀለም ገጥማ እፍ እፍ አለችበት። ሠራ። ግን እዚያ ቦታ ላይ ዘፈኑ አንዲት ቃል ይውጣል። ነዋይ ስንኙን ይጀምራል፣ ጠብ ትላለች፣ ቀጣዩ ስንኝ ላይ ነው። እኛም አብረን ስንዘፍን እዚያ ጋ እንዘል ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ዘፈን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። የጎደለችው ቃል አለች፣ ሙሉ ናት፣ ጥርት ብላ ትሰማለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንግዳ ሆነችብኝ። እስከ ዛሬ እዚያ ስደርስ አፌ ይዘላል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ጭንቅላቴ ቀጣዩን፣ አራተኛውን ይጀምራል፣ ዩቲዩብ ግን የሌላ ሰው የሠርግ ዘፈን ያመጣብኛል። ጨለማ ውስጥ ደረጃ ስንወርድ አንድ ደረጃ የቀረ መስሎን መሬቱን ቀድመን ስናገኘው ጉልበታችን እንደሚንገጫገጨው ነው።

ይህንን ስል ሻፍል ራሱ ንጹሕ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ ዕጣ አንዳንዴ የአንዱን ዘፋኝ ሦስት ዘፈን ያከታትላል፣ ዕጣ ነዋ። ሰው ግን ይሄ ማሽን አድልዎ አለው እያለ ሲያማርር የሙዚቃ ማሰሚያው ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2014 አሠራሩን ቀየረው፣ የአንድ ዘፋኝ ሥራዎች ተራርቀው እንዲመጡ ተደረገ። ስለዚህ ሻፍሉ ራሱ ሆን ብሎ ይበታትናቸው ጀመር። እኔ ቅድም ያልኩት የቤዝ ተጫዋች አራተኛው ዘፈን ላይ ብቅ እንዳይል የተሠራ ይመስላል፣ ባይታሰብበትም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አልበሟ ሲወጣ የአልበም ገጽ ላይ ዋናው ቁልፍ ሻፍል መሆኑ ቀርቶ በተደረደረበት ቅደም ተከተል እንዲጫወት ጠይቃ ስፖቲፋይ እሺ ብሏታል። አዴል ናትና ሰሟት። የኛዎቹ ቢጠይቁ ማን ይሰማቸዋል የሚለውን ለእናንተ ልተወው።

የኛዎቹንም ግን ልውቀስ። አልበም ሲወጣ አሁንም በዓል ጠብቆ፣ ለፋሲካ ወይ ለእንቁጣጣሽ ነው የሚወጣው፣ ደስ ይላል። ታዲያ ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑት አስራ አራቱን ዘፈን አስራ አራት ቦታ ይበትኑታል፣ ቅደም ተከተሉ የትም አይጻፍም። ቅንብሩን የሠራው ሰው ስም ይኖራል፣ ጊታር የተጫወተው ሰው ስም የለም። ኪቦርድ ሁሉንም መተካት ከጀመረ ወዲህ ይሄ ነገር ተለመደ፣ አሁን ግን ባንድ የያዙ ልጆች ተመልሰው እየመጡ ነው፣ ታዲያ ለምን ስማቸው አይጻፍም? ሻፍል የሚያደርገው ወጣት ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ቅደም ተከተል ያልተሰጠውን ነገር በቅደም ተከተል ሊሰማው አይችልም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ አልበም ስትገመግሙ «ተወዳጅ የሆኑት ሁለቱ ዘፈኖች» እያላችሁ ሁለቱን ብቻ ትተነትናላችሁ። እነዚያን ሁለቱን እኮ በየታክሲው ሰምተናቸዋል። ስለ ስምንተኛው ጻፉልን። ማን ምን እንደተጫወተም ከግርጌው አስፍሩልን፣ ሁለት መስመር ቢወስድ ነው።

ልጄ አሁን 17 ዓመቱ ነው። ሲዲዋ ከቪትዟ ጋር ተሸጣለች፣ ገዢው «አስወጣዋለሁ፣ ችግር የለም» ብሎ ነው የወሰዳት። ልጁም እንደ እኩዮቹ ሻፍል ነው የሚያደርገው፣ አልጨቀጭቀውም። ባለፈው ግን ክፍሉ ውስጥ ስልኩ ላይ ያቺ መሃል ላይ ያለችው የእዮብ ዘፈን መጣች። ስታልቅ የሌላ ሰው ዘፈን ጀመረ። በሩ ላይ ሆኜ እየሰማሁት «አይ፣ ይሄ አይደለም» አለና ለራሱ የሚያጉረመርም ይመስል የትክክለኛውን መግቢያ በአፉ ጀመረው።

በመጨረሻ አንባቢዎቻችሁን ላስቸግር። የእትዬ ካሴት አሁንም አለ፣ ሽፋኑ ግን ድሮ ጠፍቷል። ሳይድ ቢ ሦስተኛው ላይ ያ የተቆረጠው ቦታ ሊደርስ ሲል የሚገባ ሳክስፎን አለ። ፈቃዱ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። የ1980ዎቹ መጀመሪያ የነዋይ ደበበ ካሴቶች ከነሽፋናቸው ያላችሁ ሰዎች ፎቶ አንስታችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ላኩልኝ። ነዋይ ያለበትን ፊቱን አይደለም። ጀርባውን፣ ደቃቃው ፊደል ያለበትን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን